ሥርዝ ድልዝ የሌለበት፤ ከአራዳ ጽሕፈት ቤቶች እስከ ኤሌክትሮኒክ ወረቀት

በጨረታ ሰነድ ላይ ዘወትር የማትታጣ አንዲት ሐረግ አለች፤ «ሥርዝ ድልዝ የሌለበት» ትላለች። የማኅበራችን አባል የሆነ ሁሉ ያውቃታል። ሌሊቱን ሲያሰላ ያደረውን ዋጋ በቅጹ ላይ ከሞላ በኋላ አንዲት ቁጥር ሰርዞ ሌላ ቢተካና በአጠገቧ ፊርማውን ሳያኖር ቢቀር፣ የወራት ድካሙ በዚያች ቁጥር ምክንያት ከውድድር ውጭ ሊሆንበት ይችላል። ብዙዎቻችን ሐረጓን እንደ ቢሮክራሲ ጣጣ ቆጥረን እናልፋታለን። ወደ ኋላ መለስ ብለን ብንመረምራት ግን ከጨረታ ሰነድ እጅግ የሚቀድም፣ ከብራና ዘመን የተወረሰ እምነት ተሸክማ እናገኛታለን። ይኸውም ጽሑፍ የሚታመነው ለመፋቅ አስቸጋሪ፣ ቢፋቅም የሚታወቅ ሲሆን ነው የሚለው እምነት ነው።

በዘመናችን የመጣው ኤሌክትሮኒክ ወረቀት ከዚህ እምነት ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። የዚህ መሣሪያ ዋና ችሎታው መጻፍ ብቻ ሳይሆን መፋቅና በዚያው ገጽ ላይ እንደገና መጻፍ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ጊዜ ተነቦ የሚጣለውን ወረቀት ለሚያስብ ሰው ታላቅ ተስፋ ይሰጣል። ነገ በፍርድ ቤት ወይም በሥራ ቦታ ማስረጃ ለሚጠየቅ ሰው ግን የሚያሳስብ ነገር አለው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኤሌክትሮኒክ ወረቀት በመሥሪያ ቤቶቻችን የታተመውን ወረቀት ይተካል ወይስ አይተካም የሚለውን ጥያቄ ከታሪክ አንጻር መመልከት ነው። ለዚህም ከአራዳና ከፒያሳ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። ባንኩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ነጋዴውና ማመልከቻ ጸሐፊው በዚያ አካባቢ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ የአገራችን የጽሕፈት ሥራ ከብራና ወደ ወረቀት፣ ከእጅ ወደ መኪና ሲሻገርም ብዙው በዚያ ታይቷል። ከዚያ በፊት ግን አራዳ የወረሰችውን ልማድ ማየት ይገባል።

የብራናው ዘመን ልማድ

ብራና ውድ ዕቃ ነበር። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፤ ከዚያም እስኪለሰልስ ድረስ ይዳመጣል። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ እንስሳት ቆዳ ያስፈልግ ስለ ነበር ቁም ጸሐፊው በተሳሳተ ቁጥር ቅጠል እየቀደደ አይጥልም። ቀለሙ ሲደርቅ በስለት ፍቆ በዚያው ላይ ትክክለኛውን ይጽፋል። ከጥላሸት የሚበጠበጠው ጥቁር ቀለም በአብዛኛው በቆዳው ገጽ ላይ የሚቀር በመሆኑ ሊፋቅ ይችላል። መጽሐፉ በሽያጭ ወይም በውርስ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍም የቀድሞው ባለቤት ስም እየተፋቀ የአዲሱ ይገባበት ነበር። ዛሬም በየገዳሙና በየቤተ መጻሕፍቱ ባሉ ብራናዎች ላይ ይህ ዓይነቱ የተፋቀ ስፍራ በብዛት ይታያል። እንደገና ሊጻፍበት የሚችል ገጽ ለአገራችን እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

ነገር ግን የተፋቀ ብራና ተፍቆ መኖሩን አይደብቅም። ስፍራው ይሻክራል፤ መልኩ ይለወጣል፤ አዲሱ ቀለምም በሻካራው ላይ ትንሽ ይፈሳል። አንባቢው የቀድሞውን ቃል ማንበብ ባይችል እንኳ አንድ ነገር መነካቱን ያውቃል።

የርስትና የጉልት ስጦታ የሚመዘገበው በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ ነበር። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ወንጌል ዘወርቅ ይባላል። ስጦታው ሲጻፍ በዘመኑ የነበሩት ሹማምንትና ካህናት ስም በምስክርነት ይዘረዘራል፤ በመጨረሻም ይህን ጽሑፍ የሰረቀ ወይም የፋቀ የተገዘተ ይሁን የሚል ማሰሪያ ይታከልበታል። ልብ እንበል፤ ግዝቱ ሌባውን ብቻ ሳይሆን ፋቂውንም በእኩል ይይዛል። በመሐንዲስ ቋንቋ ብንገልጸው የመሬት መዝገቡ አራት መከላከያ ነበረው። ፍቀቱን የሚያጋልጥ ገጽ፣ በስም የታወቁ ምስክሮች፣ በቀላሉ የማይደረስበት ማኖሪያ፣ በደፋሪው ላይም የሚያርፍ ቅጣት።

ሆን ተብሎ የሚፋቅ ገጽም ነበር። በቁርኣን ትምህርት ቤት ሕፃኑ ትምህርቱን የሚጽፍበት ሎህ የተባለ የእንጨት ሰሌዳ አለ። ትምህርቱ በቃል ሲያዝ ሰሌዳው ይታጠብና ለሚቀጥለው ይሰናዳል። ማንም ርስቱን በሎህ ላይ አላስመዘገበም፤ ማንም የሕፃን የዕለት ትምህርት በወንጌል ዘወርቅ ላይ አልጻፈም። የሚፋቀውና የማይፋቀው ሥራቸው የተለያየ መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

አራዳ ስትጽፍ

አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና በአጠገቡ በነበረው ታላቅ ገበያ ዙሪያ አደገች። የአገሪቱ የጽሕፈት ሥራ ከቤተ መንግሥት ወደ መሥሪያ ቤት መሸጋገር የጀመረውም ከተማዪቱ ገና ሳትጠና ነው። የመጀመሪያዎቹ የፖስታ ቴምብሮች በ1886 ዓ.ም. ወጡ። የአቢሲንያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ጀመረ፤ ባንክም ያለ ደብተር፣ ያለ ደረሰኝና ያለ ፊርማ ናሙና መኖር አይችልም። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዘመን ገደማ በአዲስ አበባ የቦታ ባለቤትነትን የሚመለከት ደንብ በመውጣቱ ለከተማው ነዋሪ የቦታ ወረቀት ትርጉም ያለው ነገር እየሆነ መጣ።

በዚያ ዘመን ደብዳቤን ደብዳቤ የሚያሰኘው ማኅተሙ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ዛሬው ባለሥልጣን ከግርጌ አይፈርሙም፤ ማኅተማቸው ከጽሑፉ በላይ ይመታል። የሚላከው ደብዳቤ ቃሉ በመዝገብ ይገለበጥ ስለ ነበር ዋናው ወደ ባለጉዳዩ ቢሄድም ግልባጩ ከቤት ይቀራል። ጳውሎስ ኞኞ ለኅትመት ያዘጋጃቸውን የምኒልክ ደብዳቤዎች ዛሬ ማንበብ የቻልነው በዚህ የመገልበጥ ልማድ ምክንያት ነው። ደብዳቤዎቹ ስለ ግብር፣ ስለ እንጨት፣ ስለ በቅሎ፣ ስለ ግንባታ ሠራተኛ የሚናገሩ የዕለት ጉዳዮች ናቸው። ጸሐፊው ከመቶ ዓመት በኋላ ለታሪክ ይጠቅማሉ ብሎ ሳይሆን ነገ «አላዘዝክም» እንዳይባል ገለበጣቸው፤ ለታሪክም የተረፉት እንዲሁ ነው።

የማባዛት ችግር ግን ገና አልተፈታም ነበር። በ1890ዎቹ አጋማሽ ግሪካዊው አንድሬያስ ካቫዲያስ የጀመረው «አእምሮ» ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። ወደ ማባዣና ወደ ማተሚያ የተሸጋገረው በኋላ ነው። ለማተሚያው እንኳ ፊደላችን ባዳ አልነበረም፤ በግእዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ በሮም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። ነገር ግን ማተሚያ ብዙ ቅጂ ለሚፈልግ ሥራ እንጂ ለአንድ ደብዳቤና ለሦስት ግልባጭ አይሆንም።

መኪናው፣ ካርቦኑና መዝገብ ቤቱ

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። የመሥሪያ ቤቱን የዕለት ሥራ የለወጠው ግን የጽሕፈት መኪናው ነው። መኪናውን ለፊደላችን ማዋል ተራ ሥራ አልነበረም። 33ቱ ዋና ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የመኪናው ቁልፎች ግን ከ50 እምብዛም አያልፉም። መሐንዲስ አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት በዚህ ላይ ደክመው የአማርኛ ጽሕፈት መኪና እንዲገኝ አደረጉ። መፍትሔው የፊደሉን አካልና የድምፁን ምልክት ለየብቻ መምታት በመሆኑ የፊደሉ መልክ ከቁም ጽሕፈት ውበት መራቁ አልቀረም። ሥራው ግን ተሠራ። የሙያ ባልደረባችን የሆኑ ሰው የፈጸሙት በመሆኑም ማኅበራችን ሊያስታውሰው ይገባል።

ወረራው አካባቢውን ፒያሳ የሚል ስም ሰጥቶት ሄደ፤ ገበያውንም ወደ መርካቶ አዛወረው። ከነፃነት በኋላ መሥሪያ ቤቱ በዛ፤ ወረቀቱም በዛ። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ፤ ቀድሞ በነጋሪት ድምፅ ይሰማ የነበረው አዋጅ ቁጥርና ቀን ያለው የታተመ ገጽ ሆነ። በ1950ዎቹ በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ በኮረብታው ላይ ሲቆም ባለጉዳዩ ማመልከቻውን ይዞ የሚወጣበት፣ ዶሴው የሚፈለግበት ዋና ስፍራ ሆነ። ጸሐፊዋ በሁለት ወረቀት መካከል ካርቦን አድርጋ ትመታለች፤ ዋናው ይላካል፤ ግልባጩ በዶሴ ይታሰራል። ከደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ፡-» ብሎ የሚጀምረው ዝርዝር የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ለብዙ ሰው የሚሠራጭ ሲሆን በስቴንስል ይባዛል።

ሕጉም ይህንኑ አጸና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1727 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ተዋዋዮቹ ካልፈረሙበት፣ ሁለት ምስክሮችም ካላረጋገጡት አይጸናም ይላል። የወንጌል ዘወርቁ ምስክሮች በአዲስ ልብስ ተመልሰው መጡ ማለት ነው።

የወረቀት ጥንካሬ የተፈተነው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በአራዳና በፒያሳ ብዙ የቦታ ወረቀት ባለቤትነትን ማስረዳቱ ቀረ። ሰዎች ግን ወረቀቱን አልቀደዱትም፤ በሳጥን አኖሩት። በ1987 ዓ.ም. ከአዋጅ ውጭ የተወሰዱ ንብረቶች ጉዳይ እንዲታይ አዋጅ ቁጥር 110 ሲወጣ ያ ወረቀት እንደገና ከሳጥን ወጣ። ሃያ ዓመት ተኝቶ የነበረ ቅጠል፣ መብራት ሳይፈልግ፣ መሣሪያ ሳይፈልግ፣ ተነበበ።

የሚፋቅ ወረቀት ከባሕር ማዶ

ኤሌክትሮኒክ ወረቀት የተወለደው ወረቀት በማባዛት ከሚኖር ኩባንያ ቤት መሆኑ የሚያስገርም ነው። የፎቶ ኮፒ መኪና በማምረት የታወቀው ዜሮክስ በአሜሪካ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1975 ቢዝነስ ዊክ መጽሔት ስለ መጪው ዘመን ቢሮ ሲጽፍ የማዕከሉ ኃላፊ ጆርጅ ፔክ ከሃያ ዓመት በኋላ ሰነዱን በማያ ገጽ ላይ እንደሚያነብ፣ የታተመ ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስፈልገውም እንደማያውቅ ተናግሮ ነበር። በዚያው ማዕከልና በዚያው ዘመን ኒክ ሸሪደን የተባለ ተመራማሪ ጋይሪኮን ያለውን ገጽ ሠራ። ጋይሪኮን በስስ ፕላስቲክ ውስጥ የተቀመጡ ግማሻቸው ነጭ፣ ግማሻቸው ጥቁር የሆኑ ጥቃቅን ኳሶች ያሉት ነው። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ይዞራሉ፤ ሲቋረጥ እንደ ዞሩ ይቀራሉ።

ከዚህ የላቀው ሐሳብ በኤም አይ ቲ ከነጆሴፍ ጃኮብሰን ዘንድ መጣ። ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1997 ተቋቋመ። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። በስስ ንብርብር ውስጥ የሰው ጠጉር ውፍረት የሚያህሉ እልፍ አእላፍ ከረጢቶች አሉ። በየከረጢቱ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ በፈሳሹም ውስጥ ነጭና ጥቁር የቀለም ቅንጣቶች አሉ፤ ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ከሥር ያለው ኤሌክትሮድ አንዱን ሲገፋ ሌላውን ይስባል። ነጩ ሲወጣ ነጥቡ ነጭ፣ ጥቁሩ ሲወጣ ጥቁር ይሆናል። ገጹ የራሱ ብርሃን ስለማይፈልግ በፀሐይ እንደ ተራ ወረቀት ይነበባል። ኤሌክትሪክ የሚወስደውም ጽሑፉ ሲለወጥ ብቻ ነው፤ አንዴ ከተጻፈ ኃይሉ ቢቋረጥም ጽሑፉ ይቆያል። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ጠባይ ትልቅ ዋጋ አለው።

ገጹ እ.ኤ.አ. በ2004 በሶኒ ሊብሪዬ፣ በ2007 በአማዞን ኪንድል የመጽሐፍ ማንበቢያ ሆነ። በ2013 ደግሞ ሶኒ የቢሮ ወረቀት የሚያህል፣ በብዕር የሚጻፍበት መሣሪያ ለገበያ አቀረበ፤ በግልጽ የታሰበውም የታተመውን የቢሮ ሰነድ እንዲተካ ነበር። ወረቀቱን ራሱን የሚፋቅ ለማድረግ የሞከሩም አሉ። ዜሮክስ እ.ኤ.አ. በ2006 ጽሑፉ በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ በራሱ የሚጠፋ፣ በተደጋጋሚም የሚታተምበት ወረቀት አሳየ፤ ወደ ገበያ ግን አልወጣም። ቶሺባ በሙቀት ቀለሙ የሚጠፋ ማተሚያ ሠርቶ አንዱን ወረቀት አምስት ጊዜ ያህል እንዲያገለግል አደረገ። ዜሮክስ ለዚህ የተነሣው በቢሮ ከሚታተሙት አምስት ገጾች ሁለቱ ለዕለት ጉዳይ ብቻ የሚያገለግሉ መሆናቸውን በማየቱ ነው።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ትኩረት ያሻታል። ከአምስቱ ሁለቱ ለዕለት ከሆኑ ሦስቱ ለዕለት አይደሉም። አቢጌል ሴለንና ሪቻርድ ሃርፐር እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ወረቀት አልባው ቢሮ ተረት ባወጡት መጽሐፍ፣ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ የወረቀት ፍጆታ በአማካይ በ40 በመቶ መጨመሩን አመልክተዋል። ሰዎች በማያ ገጽ የተቀበሉትን እያተሙ ያነቡ ነበርና።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር ይገባል። ኤሌክትሮኒክ ወረቀት በተፋቀ ጊዜ የቀድሞው ጽሑፍ ፈዛዛ ጥላ ይቀርበታል። አምራቾቹ ይህን እንደ ጉድለት ስለሚቆጥሩት ገጹን አንድ ጊዜ በሙሉ ጥቁር፣ አንድ ጊዜ በሙሉ ነጭ አድርገው ጥላውን ያጸዱታል። ብራናው ሊደብቀው ያልቻለውን ምልክት ለማጥፋት ታላላቅ ላቦራቶሪዎች ደክመዋል ማለት ነው።

ምላጩ የሚተወው ምልክት

ይህ ጉዳይ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ መሆኑን የተረዳሁት በገዛ ሥራዬ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአንድ የንድፍ ቢሮ እሠራ ነበር። የአንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ንድፍ በጋራ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል፤ ማናችንም ከፍተን እናሻሽላለን፤ ባሻሻልነው ቁጥርም በዚያው ስም እናስቀምጣለን። በምድር ቤቱ ኮለኖች ላይ የተጻፈው ፌሮ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ነበር። ከጊዜ በኋላ በላይ የሚታከል ጭነት መጣና ከመካከላችን አንዱ ወደ 20 ለወጠው። የፌሮው የቁርጥ ስፋት ከግማሽ በላይ ይጨምራል፤ ቀላል ለውጥ አይደለም። ፋይሉ ግን ስሙም ቁጥሩም የቀድሞው ነው፤ አሮጌው በአዲሱ ተፍቋል።

ኮለኖቹ ቆመው ካለቁ በኋላ ነገሩ ተነሣ። ተቋራጩ «የተሰጠን 16 ነው» አለ። እኛ ማያ ገጹን አሳየነው፤ 20 ይላል። ሰውየው ደነገጠ። ያየሁትን አልረሳም፤ እውነተኛ ሰው በገዛ ዓይኑ ያነበበውን ሲጠራጠር ነበር።

ጠቡን የፈታው በቢሮው ለብዙ ዓመታት የሠሩ አንድ አዛውንት የንድፍ ሠራተኛ ናቸው። ማንም ሳያዛቸው ወደ ሥራ ቦታ የሚላከውን እያንዳንዱን ንድፍ አንድ አንድ ቅጂ አትመው፣ ቀንና ፊርማ አስቀምጠውበት፣ በጠረጴዛቸው ሥር ያኖሩ ነበር። አወጡት። 16 ይላል፤ ቀኑም ከለውጡ በፊት ነው። ተቋራጩ ትክክል፣ እኛ ጥፋተኛ ሆንን። ኮለኖቹን በተጨማሪ ፌሮና ኮንክሪት የማልበሱ ወጪ በቢሮው ላይ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ይህን ለምን ያስቀምጡ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኛ በወጣትነታችን ትሬሲንግ ላይ በቀለም ስንነድፍ ስሕተቱን በምላጭ ነበር የምንፍቀው። ምላጩ ምልክት ይተዋል። ወረቀቱን ወደ መብራት ስታነሣው የት እንደ ተነካ ታያለህ። ይህ የናንተ ግን ሲፋቅ ዝም ይላል።»

አዛውንቱ ስለ ወንጌል ዘወርቅ አላነሡም። የተናገሩት ግን የቁም ጸሐፊውን ዕውቀት ነው።

ምን በምን ላይ ይጻፍ?

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ኤሌክትሮኒክ ወረቀትን ለመቃወም የቀረበ አይደለም። የወረቀት ብክነት እውነተኛ ችግር ነው። አንድ ባለ 40 ገጽ ሪፖርት ለ12 የስብሰባ አባላት ቢታደል 480 ቅጠል ይሆናል፤ አንድ ባለ 500 ቅጠል እሽግ ለአንድ ስብሰባ አለቀ ማለት ነው። ከስብሰባው በኋላ አብዛኛው በጠረጴዛ ላይ ተትቶ ይቀራል። ወረቀቱና ቀለሙ የውጭ ምንዛሪ የሚበሉ ናቸው። የፊደላችንም ችግር በመሠረቱ ተፈትቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛው የዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ስለ ገባ መሐንዲስ አያና ብሩ የታገሉት የቁልፍ ጥበት ዛሬ የለም።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን ጽሑፍ በሦስት መክፈል ይበጃል። አንደኛው ረቂቅ ነው፤ ሊፋቅ የተወለደ፣ ሎሁ። ሁለተኛው የንባብ ቅጂ ነው፤ የስብሰባ ሪፖርት፣ የሥራ መመሪያ፣ በሥራ ቦታ የሚታይ ንድፍ። ሦስተኛው ማኅደር ነው፤ ውሉ፣ የጸደቀው ንድፍ፣ የቦታ ይዞታው፣ ሕንፃው እንደ ተሠራ የሚያሳየው ንድፍ። ኤሌክትሮኒክ ወረቀት ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዛሬውኑ ቢገባ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ በተለይም በፀሐይ ለሚሠራ የግንባታ ተቆጣጣሪ።

ለሦስተኛው ግን ገጹ ብቻውን አይበቃም፤ የወንጌል ዘወርቁ አራት መከላከያዎች በአዲስ መልክ ያስፈልጉታል። የቀድሞው እትም የማይጠፋበት፣ ለውጡ በቀንና በስም የሚመዘገብበት ሥርዓት በሻካራው ብራና ፋንታ ይቆማል። ኤሌክትሮኒክ ፊርማ የምስክሩን ቦታ ይይዛል። ዋናው ቅጂ ከሥራው ኮምፒዩተር ተለይቶ በሌላ ስፍራ ይቀመጣል። ቅጣቱን ሕግ ይወስናል። ሕጉ እንኳ መንገዱን ጀምሮታል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም.፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጥተዋል። የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2006 ዓ.ም. ወጥቷል። የቀረው የአሠራር ልማድ ነው፤ ልማድን አዋጅ ብቻውን አይፈጥረውም። ፋይል በአሮጌው ስም ላይ የሚያስቀምጥ መሐንዲስ ባለበት ቢሮ የሕጉ ፊርማ ምንም አያድንም።

ይህን አሳብ ዛሬ አንገብጋቢ የሚያደርገው የፒያሳ ሁኔታ ነው። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ከተማ እንደ ብራና ነው፤ ቆዳው አንድ ስለሆነ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። መፋቁ ተገቢ ነው አይደለም ብሎ መከራከር የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን ቤቱ ከፈረሰ በኋላ እንዴት ተሠርቶ እንደ ነበር፣ ግድግዳው ድንጋይ ይሁን ጭቃ፣ ሰገነቱ በምን እንደ ተያዘ፣ ማን ይኖርበት እንደ ነበር የሚመሰክረው ንድፉና ዶሴው ብቻ ነው። መሬቱ በተፋቀበት ወቅት ማኅደሩም በሚፋቅ ገጽ ላይ ብቻ ቢቀር ሁለቱም ባንድነት ዝም ይላሉ።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በየቢሯችን፣ በየጠረጴዛችን ሥር፣ ከጡረተኞች ባልደረቦቻችንም ቤት የአራዳና የፒያሳ ሕንፃዎች አሮጌ ንድፎች፣ የልኬት ደብተሮችና ፎቶግራፎች አይጠፉም። ማኅበራችን እነዚህን ቢያሰባስብ፣ እያንዳንዱን በቀን፣ በስምና በፊርማ ቢመዘግብ፣ አንዱን ቅጂ በኤሌክትሮኒክ መልክ ለንባብ፣ ዋናውን በወረቀትነቱ ለማኅደር ቢያኖር፣ ወጪው ትንሽ ነው። ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ቁልፍ ያለው ክፍል፣ አንድ መዝገብና ልማዱን የሚያውቁ እንደነዚያ አዛውንት ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው። እነርሱም ገና በመካከላችን አሉ።